ቡስት ትሬድ፦ በኮምፓይለሮች መካከል የኖረ ላይብረሪ

በ1998 (በዚህ ሐተታ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ተደንግጎ በወጣ ጊዜ፣ ያ ብዙ መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ስለ ቍጥርና ስለ ፊደል፣ ስለ ስሕተት አያያዝና ስለ ማኅደረ ትውስታ አጠቃቀም በሰፊው ሲናገር፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ሥራዎች ጎን ለጎን እንዲሄዱ ስለሚያደርገው ስለ ትሬድ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰም። ዝምታው ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ የሚተባበሩ ሥራዎች እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ የሚጠብቀውን የሴማፎር ሥርዓት በ1965 ካስተማረ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ1993 ያወጣው ዊንዶውስ ኤን ቲ ትሬድን በመሠረቱ ይዞ ተወልዶ ነበር፤ የዩኒክስ ወገኖችም በ1995 ፖዚክስ በሚባለው ስምምነታቸው ላይ ለትሬድ ራሱን የቻለ ክፍል ጨምረው ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሕጎች እንጂ የቋንቋው ሕግ ስላልነበሩ፣ ለዊንዶውስ የጻፈ ሰው ድካሙን ወደ ዩኒክስ ላሻግር ብሎ የተነሣ እንደ ሆነ ትሬድን የሚነካውን ሁሉ ከሥሩ አፍርሶ እንደገና ለመጻፍ ይገደድ ነበር።

በዚያው በ1998 በግንቦት ወር፣ የቋንቋውን ሥርዓት በሚያወጣው ጉባኤ የላይብረሪውን ክፍል ይመራ የነበረው ቢማን ዶውስ፣ በሙያ ባልደረቦች ምርመራ የተፈተኑና ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ የሚሠራባቸው ላይብረሪዎች፣ ማለት ለማናቸውም ፕሮግራም እንዲያገለግሉ ተዘጋጅተው የተጻፉ ክፍሎች፣ የሚከማቹበት አንድ ቦታ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ፤ ቡስት የተባለው ታላቅ ስብስብም ከዚህ ሐሳብ ተወለደ። በስብስቡ ውስጥ የትሬድ ላይብረሪ የገባው በጥቅምት 2001 በወጣው በ1.25 እትም ሲሆን፣ ሐሳቡን ያፈለቀውና የጻፈውም ዊልያም ኬምፕፍ ነበር። ኬምፕፍ ሁለቱን ዓለማት፣ የዊንዶውስንና የፖዚክስን፣ በአንድ መጋረጃ ሸፍኖ ለጸሓፊው አንድ ፊት ብቻ ማሳየት ፈለገ። ከሁሉ ይልቅ ሊመሰገንበት የሚገባው አሳቡ ግን የጥንቃቄው ነው፤ ይኸውም ሁለት ትሬዶች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክለውን ቍልፍ፣ ሚዩቴክስ የሚባለውን፣ ማንም በቀጥታ ቈልፎ በቀጥታ እንዳይከፍተው ከለከለና፣ ቍልፉ የሚያዘው በአንድ ጠባቂ ነገር በኩል ብቻ እንዲሆን፣ ያ ጠባቂም ዘመኑ ሲያልቅ ቍልፉን በራሱ እንዲለቅቅ አደረገ። የሰው ልጅ መክፈትን እንደሚረሳ ያወቀ ሰው የሠራው ሥርዓት ነበር።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም መኖሪያው ወረቀት አልነበረም። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነውና፣ በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው ትርጓሜውን በየራሳቸው መንገድ እንደሚያወጡት፣ የቦርላንድም፣ የማይክሮሶፍትም፣ የሜትሮወርክስም፣ የሰንም፣ ጂ ሲ ሲ የተባለው ነፃው ኮምፓይለርም አንዱን ጽሑፍ ተቀብለው በየፊናቸው ይመልሱት ነበር፤ ልዩነቱ የመምህራኑ መለያየት ምሥጢርን ሲያበዛ የኮምፓይለሮቹ መለያየት ግን ሥራን ማሰናከሉ ነው። የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 6 ገበያ የወጣው ገና ሥርዓቱ በሚታወጅበት ዓመት ስለ ነበር፣ ከቋንቋው ረቂቅ ክፍሎች አንዳንዶቹን፣ በተለይም ቴምፕሌት የሚባለውን አጠቃላይ ቅርጽ ለአንድ ልዩ ጕዳይ በከፊል ማሻሻልን፣ ፈጽሞ አያውቅም ነበር፤ ይህም ጕድለት እስከ 2003፣ እስከ 7.1 እትም ድረስ አልተሞላም። በዚያ መካከል ግን በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ፕሮግራም የሚሠራው በዚሁ በጐደለው ኮምፓይለር ነበርና፣ የቡስት ጸሐፍት «ኮምፓይለርህን ለውጥ» ብለው መመለስ አልተቻላቸውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮምፓይለር ድካም በየስሙ መዝግቦ የሚይዝ አንድ የጋራ መዝገብ አዘጋጁ፤ ማናቸውም የቡስት ላይብረሪ ሲሠራ አስቀድሞ ይህን መዝገብ ጠይቆ፣ እዚህ ቤት ይህ ነገር አይሆንም የተባለውን በጎን መንገድ ይዞረዋል።

ለትሬድ ላይብረሪ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ሌላው ላይብረሪ የኮምፓይለሩ ሰዋስው ከተስተካከለ ይበቃዋል፤ የትሬድ ላይብረሪ ግን ኮምፓይለሩ ብዙ ትሬድ እንዳለ አውቆ እንዲሠራ ተጨማሪ ትእዛዝ ይሻል፣ ትእዛዙም በየቤቱ የተለየ ነው፤ በጂ ሲ ሲ አንድ ቃል፣ በሰን ኮምፓይለር ሌላ ቃል ሲሆን፣ በማይክሮሶፍት ዘንድ ደግሞ ለብዙ ትሬድ የተዘጋጀውን ራንታይም፣ ማለት ፕሮግራሙ ሲሄድ የሚደገፍበትን የቋንቋውን ላይብረሪ፣ መምረጥ ያስፈልጋል። ትእዛዙን የረሳ ሰው ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተሠርቶለት ኋላ በሥራ ላይ ሳለ የሚወድቅ ስለ ሆነ፣ ላይብረሪው ትሬድ አለመኖሩን ባየ ጊዜ ገና ሲሠራ ስሕተት ብሎ እንዲቆም ተደረገ። በዊንዶውስ ላይም ትሬድን ለማስነሣት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሰጠው ግልጽ በር እያለ፣ የሲ ራንታይም ለእያንዳንዱ ትሬድ የሚይዘው የራሱ ሒሳብ እንዳይጓደል በራንታይሙ በኩል ባለው በሌላ በር መግባት ግድ ሆነ። ማኪንቶሽም በጊዜው ፖዚክስን ገና ያላወቀው አሮጌው ሲስተም ስለ ነበረበት ሦስተኛ ትርጕም ለብቻው ተጻፈለት፤ ይህ ሦስተኛው ኋላ ላይ ቀርቷል፣ ማንም ያለቀሰለት አይመስለኝም።

አንድ ትሬድ ሌላው አንድ ነገር እስኪፈጽም ድረስ ተኝቶ የሚጠብቅበት ሥርዓት ኮንዲሽን ቫሪያብል ይባላል፤ ፖዚክስ ይህን ከመጀመሪያው ሲሰጥ ዊንዶውስ ግን ቪስታ የተባለው እትሙ በ2007 ገበያ እስኪወጣ ድረስ አልነበረውም። ስለዚህ የላይብረሪው ጸሐፊ በዊንዶውስ ላይ ያሉትን ሴማፎሮችና ቍልፎች ገጣጥሞ ራሱ መሥራት ነበረበት፤ ይህንንም ሲያደርጉ ብዙዎች ተሳስተዋል፤ ምክንያቱም «ሁላችሁም ንቁ» የሚለው ጥሪ ሲሰማ፣ ከጥሪው በኋላ መጥቶ የተኛ ትሬድ አስቀድሞ ይጠብቅ ለነበረው የተላከውን ማንቂያ ሊሰርቀው ይችላልና። ማነው ከጥሪው በፊት የመጣ፣ ማነው በኋላ የመጣ፣ ማነውስ መጠበቅ ሰልችቶት የሄደ የሚለውን ለመለየት በርና ወረፋ፣ ሦስትም ቈጣሪ አስፈለገ።

የታሪኩ ክፉ ጕድጓድ ግን ይህ አልነበረም፤ ለየትሬዱ የተለየ ንብረት የሚባለው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ስም ይኖራል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ትሬድ በዚያ ስም ሲጠራ የራሱን ዕቃ ያገኛል። ትሬዱ ሲያልቅ ዕቃው መፍረስ አለበት፤ ፖዚክስ የሚያፈርሰውን ሥራ አስቀድሞ ተቀብሎ በትሬዱ ፍጻሜ ይጠራዋል፣ ዊንዶውስ በዚያ ዘመን በተለመደው መንገድ ይህን አያደርግም ነበር። ዊንዶውስ ትሬድ በሞተ ቍጥር የሚያረዳው ዲ ኤል ኤል የሚባሉትን፣ ለብቻቸው ተሠርተው የሚጫኑትን ላይብረሪዎች ነው። ስለዚህ ቡስት ትሬድ ለተወሰነ ጊዜ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ዲ ኤል ኤል ሆኖ ብቻ ነበር፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀላቅሎ እንዲገባ የፈለገ ሰው አይሆንም ይባል ነበር፤ ቅሬታውም ብዙ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ማንም ብዙ በማያየው ስፍራ፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል በተቀረጸበት አሠራር ውስጥ ነው። በፋይሉ ውስጥ ትሬድ በተወለደና በሞተ ጊዜ የሚጠሩ ሥራዎች አድራሻ የሚሰፍርበት ሠንጠረዥ አለ፤ የፕሮግራሙን ክፍሎች የሚገጣጥመው የማይክሮሶፍት ሊንከርም ስማቸው በአንድ ዓይነት ፊደል የጀመሩትን ክፍሎች በፊደል ተራ ያሰልፋቸዋልና፣ ስሙ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል የሚውል ክፍል አበጅቶ በውስጡ አንድ አድራሻ ያኖረ ሰው፣ ከሠንጠረዡ ሳይጋበዝ ገብቶ ተቀመጠ ማለት ነው። የቡስት ሰዎች ይህንኑ አደረጉ። ነገር ግን ክፍሉ የሚበጅበት ትእዛዝ በአሮጌዎቹ የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ እትሞች አንድ፣ በአዲሶቹ ሌላ ሆነ፤ ማንም በስሙ ያልጠራውን ሥራ ሊንከሩ ትርፍ ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ሌሎቹ ኮምፓይለሮች ደግሞ በዚያ ጊዜ ይህን መንገድ ከነጭራሹ አያውቁትም ነበር። ለዚህ ለመጨረሻው ችግር የተገኘው መላ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ በላይብረሪው ውስጥ ምንም ሥራ የማይሠራ አንድ ባዶ ፋንክሽን ተጻፈ፣ ስሙም «የየትሬዱ ንብረት ጽዳት ተፈጽሟል» እንደ ማለት ነው። ጽዳቱ በሚሠራበት ኮምፓይለር ይህ ፋንክሽን አለ፤ በማይሠራበት ግን የለም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲገጣጠም ሊንከሩ ይህን ስም አላገኘሁም ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ራሱ ለተጠቃሚው የተላከ መልእክት ነው፤ ጽዳቱ የአንተ ኃላፊነት ነው፣ አውቀህ ተቀበል ማለት ነው። የመልእክቱ ምሥጢር ሳይገባቸው በዚህ ስም ምክንያት ሲንከራተቱ የነበሩ ፕሮግራመሮች ብዙ ነበሩ። ቢሆንም ተንኰሉ ትክክለኛ ነበር እላለሁ፤ በዝምታ ከሚያፈስ ፕሮግራም ይልቅ ገና ሲገጣጠም የሚጮኽ ይሻላል።

ላይብረሪውን መጻፍ አንድ ነገር ሲሆን ለሁሉ መሥራት ሌላ ነው። ቡስት ይሠራበት የነበረው ጃም ከሚባል የቈየ መሣሪያ የመነጨ የራሱ የግንባታ ሥርዓት ነበር፤ ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው እያንዳንዱ ፋይል በየትኛው ኮምፓይለርና በየትኛው እትሙ እንደ ተሠራ፣ ብዙ ትሬድ ይችል እንደ ሆነ፣ ለምርመራ የተዘጋጀ እንደ ሆነ፣ የቡስቱም እትም ስንተኛ እንደ ሆነ በስሙ ላይ ተጽፎበት ይወጣ ነበር። ስሙ ረጅምና አስቀያሚ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም በአንድ ኮምፓይለር የተሠራ ላይብረሪ በሌላው ኮምፓይለር ከተሠራ ፕሮግራም ጋር ሲጋባ የሚደርሰውን ጥፋት ያየ ሰው ርዝመቱን ይምረዋል። በማይክሮሶፍት ቤት ደግሞ ተጠቃሚው በጽሑፉ ውስጥ የሚያስገባው የላይብረሪው ፋይል፣ ሄደር የሚባለው፣ ራሱ የሚስማማውን ስም አስልቶ ለሊንከሩ ይነግረው ነበር። የሥራውም ፈተና በየሀገሩ ባሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር ላይ፣ በየኮምፓይለሩ ይካሄድና ውጤቱ በአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ይሰበሰብ ነበር፤ የላይብረሪው ጠባቂ ራሱ ያልያዘውን ኮምፓይለር ሕመም የሚያውቀው ከዚህ ሠንጠረዥ ነው።

ብዙ አንባቢዎች በአንድነት እንዲያነቡ፣ ጸሐፊ ሲመጣ ግን ብቻውን እንዲገባ የሚያደርገው የማንበቢያና የመጻፊያ ቍልፍ በ1.32 እትም ቀርቦ ብዙ ሳይቈይ ስሕተት እንዳለበት ታወቀ። ኬምፕፍ ከሥራው ከራቀ በኋላ ጥበቃውን የተረከበው አንቶኒ ዊልያምስ፣ በመጋቢት 2008 በወጣው በ1.35 እትም፣ ከነበረው ጽሑፍ እያንዳንዱን መስመር ለማለት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለውጦ ላይብረሪውን እንደገና ጻፈው። የተሰበረውን ቍልፍ በሌላ ተካው፤ ትሬድ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ተላልፎ የሚሰጥ ነገር ሆነ፤ የሚሄድ ትሬድ በተወሰኑ ስፍራዎች ላይ ሲደርስ ተቋርጦ እንዲቆም የመለመን መንገድም ተከፈተ። ሁለተኛውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው አብልጬ አከብረዋለሁ። ኬምፕፍ በባዶ ሜዳ ሠራ፤ ዊልያምስ ግን የሠራው ሰዎች ሰባት ዓመት በኖሩበት ቤት ውስጥ ነው።

ጠባቂዎቹ በዚህ ሁሉ ሲደክሙ፣ በሌላ ወገን አንድ ምሁር የድካሙን ሥር ነቅሶ ያሳያቸው ጀመር። ሃንስ ቦኤም በ2005 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ትሬድ በላይብረሪ ብቻ ሊፈጸም አይችልም ብሎ እስከ ርእሱ ድረስ ግልጽ አድርጎ ተከራከረ። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው «ይህ ቍጥር አንድ ከሆነ በዚያኛው ላይ አንድ ጨምር» ብሎ ጻፈ እንበል። ኮምፓይለሩ በዓለም ላይ ያለው ትሬድ አንድ ብቻ ነው ብሎ ካመነ፣ ለፍጥነት ሲል አስቀድሞ ጨምሮ፣ ቍጥሩ አንድ ሆኖ ካልተገኘ መልሶ መቀነስ ይችላል፤ ለአንድ ትሬድ የሁለቱ ፍጻሜ እኩል ነውና። ሌላ ትሬድ ግን በመካከል ቢመለከት፣ ጸሐፊው ፈጽሞ ያላዘዘውን ጭማሪ ያያል፤ እርሱም በዚያች ቅጽበት ቢጽፍበት ጽሑፉ ይጠፋል። ላይብረሪ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቍልፍ ቢሠራ፣ ኮምፓይለሩ ቍልፍ በሌለበት ስፍራ ያልታዘዘውን የሚጽፍ ከሆነ ምን ይጠቅማል? ኮምፓይለሩ ምን ማድረግ እንደሚከለከል መንገር የሚችለው የቋንቋው ሥርዓት ብቻ ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ፣ አስቀድመን እንዳልነው፣ ዝም ብሎ ነበር።

የሊኑክስ ወገንም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በ2003 አሮጌውን የሊኑክስ ትሬድ አሠራር የተካው አዲሱ ላይብረሪ፣ ትሬድን ከውጭ ሲሰርዝ የሲ ፕላስ ፕላስ ስሕተት መንገዱን እንደሚመለስበት አድርጎ እስከ ሥሩ ድረስ ያፈርሰዋል፤ ይህ በጂ ሲ ሲ እርዳታ የተገኘ መልካም አሠራር ነበር፣ በየመንገዱ ያሉት ዕቃዎች በሥርዓት ይፈርሳሉና። ነገር ግን «ማናቸውንም ስሕተት ያዝ» ብሎ የጻፈና የያዘውን መልሶ ያልለቀቀ ፕሮግራም ስረዛውንም ይይዘዋል፤ በዚህን ጊዜ ፕሮግራሙ በሙሉ ተቈርጦ ይወድቃል። ላይብረሪው በፖዚክስ ሕግ፣ ፕሮግራመሩ በቋንቋው ሕግ ትክክል ሆነው ሳለ ፕሮግራሙ ግን ይሞት ነበር።

ዝምታው የተሰበረው በ2011 ነው። በዚያ ዓመት በጸደቀው የሲ ፕላስ ፕላስ ሥርዓት ውስጥ፣ ኮምፓይለር ትሬዶች ባሉበት ምን ሊጽፍና ምን ሊያነብ እንደሚፈቀድለት የሚደነግግ የማኅደረ ትውስታ ሕግ ገባ፤ በላዩም የትሬድ ላይብረሪ ተሠራ፣ ያም ላይብረሪ የቡስት ልጅ መሆኑ ከፊቱ ይታወቃል። በ2007 ለጉባኤው ከቀረበው ሐሳብ አዘጋጆች መካከል ሃዋርድ ሂናንት፣ ዶውስና ዊልያምስ ይገኙ ነበር። ሁሉ ግን አልተወሰደም፤ ትሬድን የማቋረጡን መንገድ ጉባኤው ትቶት ዘጠኝ ዓመት ከቈየ በኋላ በ2020 በሌላ መልክ፣ «ቁም» የሚል ምልክት ለትሬዱ በመስጠት አስገባው።

እንግዲህ አባቱ ምን ይሠራል? ብዙዎች ከ2011 በኋላ ቡስት ትሬድ ያርፋል ብለው ነበር። አላረፈም። ከ1.50 እትም ጀምሮ ጥበቃውን የተረከበው ቪሴንቴ ቦቴት ኤስክሪባ፣ ላይብረሪውን ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ለማስማማት ሲነሣ፣ አሮጌውን ባሕርይ የለመዱ ፕሮግራሞች እንዳይፈርሱ የላይብረሪውን ጠባይ በቍጥር ከፍሎ፣ ተጠቃሚው በአሮጌው እንዲቈይ ወይም ወደ አዲሱ እንዲሻገር ምርጫውን ሰጠው። ልዩነቱ ቀላል አልነበረም፤ ባለቤቱ ሳይጠብቀውና ሳያሰናብተው ስለ ተወው ትሬድ አሮጌው ሕግ «ይሂድ» ሲል፣ አዲሱ ሕግ ፕሮግራሙን በሙሉ ያቆማል። ኮምፓይለሮቹም አዲሱን ሥርዓት የተቀበሉት በየጊዜያቸው ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2012 እትሙ ትሬድን ሲያቀርብ፣ ጂ ሲ ሲ በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን የራሱን ትሬድ ይዞ በተሠራ ጊዜ እስከ 2023፣ እስከ 13ኛ እትሙ ድረስ የሥርዓቱ ትሬድ አልነበረውም። በሊኑክስ በኩል ደግሞ ለብቻው ይኖር የነበረው የትሬድ ላይብረሪ በ2021 ከዋናው የሲ ላይብረሪ ጋር ተዋሕዷል፤ ትእዛዙን የረሳ ሰው ፕሮግራሙ በሥራ ላይ የሚወድቅበት የዱሮ መከራ በዚያ በኩል ቀርቷል።

ሆኖም ነገሩ ተፈጸመ ለማለት አይቻልም። በ2024 የቪዥዋል ስቱዲዮ አዲስ ማሻሻያ የሚዩቴክስን መፈጠሪያ፣ ሥርዓቱ በሚያዘው መንገድ፣ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው አደረገው፤ በዚህ የተሠሩ ፕሮግራሞች ግን አሮጌ ራንታይም ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሲሄዱ በመጀመሪያው ቍልፍ ላይ ይወድቁ ነበር። ስሕተት የሠራ ሰው የለም፤ ኮምፓይለሩና ላይብረሪው በአንድ ድርጅት ቤት እያሉ እንኳ በዕድሜ ተለያዩ እንጂ።

የቡስት ትሬድ ጽሑፍ ዛሬም ለሁሉ ክፍት ነው። የሙያው ተማሪ የሆነ አንባቢ በዊንዶውስ ክፍሉ ውስጥ ፒ ኢ ስለሚባለው ስለ ዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል የተጻፈውን አጭር ጽሑፍ ከፍቶ፣ ባዶዋን ፋንክሽን ከነማብራሪያዋ ያንብብ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሄደሮቹ ይሂድ።